ሰፈራችን ያልሸተተ ዕለት

ያን ዕለት ጠዋት ከእንቅልፌ ያባነነኝ ሳል ነው። የእኔንና የዐዋጢፍን ክፍል የሚለየው የቀርከሃ ግድግዳ ነው፤ ጭቃ ያልነካው፣ ጣት የሚያሳልፍ። ከወዲያ ያለው ሰው ቢያስነጥስ ከወዲህ ያለው «ይማርህ» ይላል። እሷ ደግሞ ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ ጎሕ ሲቀድ ተነስታ፣ መሬት ውስጥ በቀበረችው ማሰሮ ያንን ጠልሕ የሚሉትን እንጨት ታጨስና፣ ቅባት ተቀብታ በላዩ ትቀመጣለች፤ እስከ አንገቷ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ፣ ላብ በላብ እስክትሆን። ዱኻን ይሉታል እነሱ። እሷ ገላ ላይ የሚቀረው ይቀርና የተረፈው ጭስ ሁሉ ወደ እኔ ነው። በመጀመሪያው ቀን «ምን ሆነሽ ነው፣ ልጄ?» ብላት፣ «ወገቤን ነው ኻልቲ፣ ከወለድሁ ወዲህ ወገቤ እንቢ አለኝ» አለችኝ። ኻልቲ አክስቴ ማለቷ ነው። አንድ ቀን ቻልሁ፤ ሁለት ቀን ቻልሁ። በሦስተኛው ቀን ዓይኔ በርበሬ መስሎ፣ ነጠላዬ ሸትቶ፣ ቁርስ ሳልቀምስ እያጉረመረምሁ ወደ ሥራ ወጣሁ። በማርያም፣ ያን ዕለት የተጣላሁት ከጭስ እንጂ ከሰው አልነበረም።

አሶሳን የማያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ምን አካበዳት ይላል። ክልል ስድስት በተባልንበት ሰሞን አሶሳ እንዲህ አልነበረችም፤ ዓይንሽን በጨርቅ አስረው ቢያዞሩሽ የት ሰፈር እንደቆምሽ አፍንጫሽ ይነግርሻል። ቢሮዎቹ ያሉበት ሰፈር ቀለምና ሲሚንቶ ይሸታል፤ በየሳምንቱ አንድ ቢሮ ይከፈታል፣ ጠረጴዛው ገና ከፕላስቲኩ ሳይወጣ ኃላፊው ይሾምበታል። መናኸሪያው ናፍጣና ፍየል ነው። የእኛ ሰፈር ከከተማው ጥግ፣ ወደ ወንዙ ቁልቁል ነው። የወደቀ ማንጎ ሲቦካ ይሸታል፤ ቅጠል በማሰሮ ቀብረው አብላልተው ወጥ የሚያጣፍጡበት ነገር አላቸው፣ እሱ ይሸታል። ወይ ጉድ፣ መጀመሪያ የገባሁ ለት አይጥ ሞቶብኛል ብዬ ቤቴን ገልብጬ ነው የፈተሽሁት! ወደ ማታ ደግሞ ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ከየቤቱ የጠልሑ ጭስ ይነሳና ያንን ሁሉ ሽታ ይሸፍነዋል። ነፋሱ ቁልቁል ወደ ወንዙ ስለሚነፍስ ከወንዙ ማዶ የሚመጣ ሰው ቤቶቹን ሳያይ ሰፈሩን ያገኘዋል። እኔ የወሎ ሰው ነኝ፤ በደርግ ጊዜ በሰፈራ መጥቼ እዚያው አምባ ውስጥ ከአገሬ ሰው ጋር ኖሬ፣ ባሌም እዚያው በንዳድ ሞቶብኝ፣ ከተማ ከገባሁ ገና አስር ወሬ ነበር። የጭሱን ጠረን አውቀዋለሁ፤ የጭሱን ነገር ግን አላውቅም ነበር።

የማጸዳውና ሻይ የማፈላው አንድ ጽሕፈት ቤት ነው፤ ስሙ ይቅር። የጸጥታ ኃላፊው ሱለይማን የእኛው ሰፈር ልጅ ነው። ሹመት ሲያገኝ ቆርቆሮ ቤት ተሰጥቶት ወደ ቢሮዎቹ ሰፈር ወጣ እንጂ እናቱ እስክትሞት ከእኛ በሦስተኛው በር ነበረች አሉ። ከእኔ ጋር ከ«ሻይ» በቀር ቃል ተለዋውጠን አናውቅም። ያን ዕለት ግን ብርጭቆውን ሳስቀምጥ ቀና ብሎ አየኝና «ዓይንሽን ምን ነካው?» አለኝ። እኔ ደግሞ ጠያቂ ያጣሁ ሴት! ሰው «ምን ሆንሽ» ካለኝ ሆዴን ዘርግፌ ነው የምነሳው። «ኧረ ምኑ ቅጡ፣ ጌታዬ! ያቺ ጎረቤቴ በጭስ ልትገለኝ ነው። ሦስት ቀኗ፤ ጎሕ ሲቀድም ጭስ፣ ሲመሽም ጭስ። ወገቧን አሟት ነው ትላለች፤ የሷ ወገብ የእኔን ሳንባ ምን አድርግ ይለዋል? መቼም እናንተ ሕግ ናችሁ፣ አንድ ነገር በሏት» አልሁት። ሻዩን አማሰለ። «ማን ናት ጎረቤትሽ?» «ዐዋጢፍ። የሾፌሩ የሐመድ ሚስት።» ማንኪያው ቆመ። «ሦስት ቀን ነው ያልሽው?» አለና ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ ጻፈ። ጻፈ! እኔ የተናገርሁት ነገር ሲጻፍ ያን ጊዜ መጀመሪያዬ ነበር፤ አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። ትሪውን ይዤ ስወጣ ወገቤን ቀና አድርጌ ነው የሄድሁት፣ የኔ ነገር።

የሐመድን ነገር ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። የአንድ ቢሮ ሾፌር ነበር። ከስምንት ወር በፊት የሚነዳት አዲስ ፒክአፕ ጠፋች፤ በኩርሙክ በኩል ሱዳን ገብታ ተሸጠች ተባለ። እነማን እንደሸጧት የማያውቅ የለም፤ ቁልፉን «ለመስክ ሥራ ነው» ብለው ከእጁ የተቀበሉት አለቆቹ ናቸው። ወረቀቱ ላይ ግን የፈረመው እሱ ስለሆነ፣ ሊይዙት ነው ሲባል እሱም በዚያው በኩርሙክ ድንበር ተሻገረ። ዐዋጢፍ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ሂባን ስትገላገል ጀርባዋን ደግፌ የያዝኋት እኔ ነኝ፤ አምስት ወር የሆናት ያቺ ሕፃን አባቷን በዓይኗ አላየችም፣ እሱም አላያትም። ሐመድ ከተያዘ ፋይሉ ይዘጋል፣ የሸጡትም ሰዎች በሰላም ይተኛሉ። ሱለይማን ይህን ከማንም በላይ ያውቃል፤ የሹመቱም ወንበር ያለው በእነዚያው ሰዎች እጅ ነው።

የበር ዘበኛው ኡመር ነው፣ ሸምገል ያለ፣ የእኛው ሰፈር ሰው። አማርኛውን ሰው አስቆ ይናገራል፤ ሴትም ወንድም ለእሱ «አንተ» ነው። ሻዩን ይዤለት ወጣሁና እየሳቅሁ «ዛሬ አለቃህ አዋራኝ፤ የጎረቤቴን ጭስ ሊያስቆምልኝ ነው» አልሁት። ብርጭቆውን አልተቀበለኝም። ሱለይማን ሁለት ታጣቂዎች አስከትሎ በፍጥነት ሲወጣ በሩን ከፈተለትና፣ መኪናዋ ከራቀች በኋላ «ብዙወርቅ፣ ምን አልከው አንተ?» አለኝ። ነገርሁት። ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጫነ። «ያ ረቢ! ባል የሌለ ሴት ዱኻን አይገባም። ባል ሞተ፣ የለም። ባል ሩቅ አገር ሄደ፣ የለም፤ ነውር ነው። ባል ሲመጣ ብቻ ነው። ዐዋጢፍ ስምንት ወር አንድ ቀን አላጨሰም። አሁን ሦስት ቀን አጨሰ። ሰፈር ሁሉ በአፍንጫ አወቀ፣ ሐመድ እየመጣ ነው። አወቀና ዝም አለ። አንተ ብቻ ሄደህ ለሱለይማን ነገርከው።» ብርጭቆውን እንደያዝሁ ግንቡ ሥር ቁጭ አልሁ። ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል ስትል እናቴ እሰማ ነበር። ሐመድን ሁለት ወር ነው የማውቀው፤ ለበሬ ማጠፊያ ገጥሞ የሰጠኝ፣ ሽልንግ አልቀበልም ያለኝ እሱ ነው። ኡመር ግን ዱላውን ለሌላው ዘበኛ ሰጥቶ ወደ ሰፈር መንገድ ጀምሯል። ምን ሊያደርግ እንደሆነ አልነገረኝም፤ እኔም ለመጠየቅ ፊት አልነበረኝም።

ረፋድ ላይ ሱለይማን ያለ ታጣቂዎቹ ብቻውን ተመለሰ። እኔም እዚያው ግንብ ሥር የመከርሁትን ይዤ ገባሁ። መሐላ እንኳን ሳላሰማምር «ጌታዬ፣ ጠዋት ዋሽቼዎታለሁ» አልሁት። «ጭሱ የዐዋጢፍ አይደለም፣ የእኔው ነው። ሰው ሽታውን ሰምቶ ሳይጠረጥረኝ በእሷ ላላክክ ብዬ ነው።» ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ አየኝ፤ እስከ ዛሬ ያየኝ ወንድ ሁሉ እንደዚያ አላየኝም። «ያንቺ? ሐበሻዋ? ለማን ብለሽ?» አለ። «ሰው አለኝ» አልሁት። ይህን ስል ባሌ በመቃብሩ ሰማኝ፤ አምባ ያሉት እህቶቼ ሰሙኝ፤ በአርባ ሁለት ዓመቴ እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ ወጣ። በሩ ክፍት ነበርና ታይፕ የምትመታው ልጅ እጇን አቆመች። ሱለይማን ሳቀ። «ያንቺ ከሆነማ እሰየው! ወደ ማታ በዚያ አልፋለሁ፤ በቤትሽ ጭሱን አያለሁ። ከሌለ ግን ለምን እንደዋሸሽ ትነግሪናለሽ» አለኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ። ለኡመር ልነግረው ፈልጌ ነበር፤ አልተመለሰም። ቢመለስስ? «ሰው አለኝ ብያለሁ» ብዬ ለሽማግሌ እንዴት እነግራለሁ?

በምሳ ሰዓት ገበያ ወርጄ ጠልሕ ገዛሁ፤ እስሩ ሦስት ብር። ሻጯ እንጨቱን ከጉያዋ ሳትለቅ ነጠላዬን፣ ማተቤን፣ ፊቴን አየችና ለጎረቤቷ በራሳቸው ቋንቋ አንድ ነገር አለቻት፤ ሁለቱም አፋቸውን በሻሻቸው ሸፍነው ሳቁ። ሌላ ቀን ቢሆን ምላሽ አላጣላቸውም ነበር። ያን ዕለት እስሩን በነጠላዬ ሸፍኜ፣ የሰረቅሁ ይመስል፣ በአቋራጩ ወጣሁ። ሰፈር ስገባ ሰዉ ሁሉ ደጅ ነው። አሮጊቷ ብኸይታ፣ የሰፈሩ አዋላጅ፣ ሴቶችና ልጆች አሰልፋ ከወንዝ ውሃ ታስቀዳለች፤ በዚያ ሰዓት ውሃ የሚቀዳ ሰው አይቼ አላውቅም። እኔን ሲያዩ ወሬው ተቋረጠ። አንዷም ሰላም አላለችኝም። ኡመር ደርሶ ነግሯቸዋል፤ ጥፋቴን አውቀዋል አልሁና አንገቴን ደፍቼ አለፍሁ።

ዐዋጢፍ ደጃፏ ላይ ሂባን ታጠባ ነበር። ገላዋ ከጭሱ የተነሳ ወርቅ መስሏል፤ እጇ ላይ አዲስ ሂና አለ። ሳያት ዕንባዬ መጣ። እግሯ ሥር ተንበርክኬ ጥፋቴን ነገርኋት፤ ለሱለይማን የተናገርሁትን፣ እሱ የጻፈውን፣ ማታ እመጣለሁ ማለቱን። «ሐመድ እንዳይመጣ አድርጊ፣ ልጄ። እንደምንም ብለሽ ላኪበት» አልሁ። ፊቷ ላይ አንድ ነገር አልተላወሰም። ሕፃኗን ከአንዱ ጡት ወደ ሌላው አዛወረቻት። «ሐመድ የለም፣ ኻልቲ። እኔ ወገቤን ነው» አለችኝ። «ዐዋጢፍ፣ እኔ ነኝ እኮ! ሂባን ስትገላገዪ የደገፍሁሽ እኔ እኮ ነኝ!» «አውቃለሁ። ወገቤን ነው።» ተነስታ ገባችና መጋረጃውን ለቀቀችው። እኔም ቤቴ ገባሁ። ግድግዳው ቀርከሃ ነው፤ ትንፋሿን እሰማዋለሁ። እሷም የእኔን ትሰማለች። ጠልሕ መግዛቴን፣ ጭሱን በራሴ ላይ ማዞሬን ልነግራት አፌን ከፈትሁ፤ ግን ለዚያ ስል ሰው አለኝ ማለቴን መናገር አሳፈረኝ። ሲሆን ታየዋለች፣ ያኔ ይገባታል ብዬ ተውሁት።

ስምንት ሰዓት ላይ ከአልጋዬ ግርጌ መሬቱን በማረሻ ብረት ቆፈርሁ። ማሰሮ አልነበረኝም፤ ሽሮ የማስቀምጥበትን ገንቦ አንገቱን ሰብሬ ቀበርሁት። እንጨቱን ስለኩሰው ነደደ፤ አጭስ ብለው ነደደ። እነሱ እንዴት እንደሚያፍኑት ከየት ልወቅ? ውሃ ረጨሁበት፣ አመድ ነሰነስሁበት፣ ተንበርክኬ እፍ ስል ቅንድቤ ተቃጠለ። ወደ አስር ሰዓት ተኩል ገደማ ነበልባሉ ሞተና ያ ወፍራም፣ ጣፋጭ፣ ከባድ ጭስ ተነሳ። በሩን ዘጋሁ፤ መስኮቱን ግን ሱለይማን ከመንገድ እንዲሸተው ብዬ ወለል አድርጌ ከፈትሁት። ልብሴን አወለቅሁና በርጩማ ላይ ተቀምጬ በብርድ ልብስ ተጠቀለልሁ። እግዚኦ፣ ያ ሙቀት! ላቡ ከግንባሬ ዓይኔ ውስጥ ይወርዳል፣ ዕንባው አብሮት ይወርዳል። አፍንጫዬ ከጠልሑ በቀር ምንም አይሸተውም። ከውጭ የምሰማው አንድም ድምፅ አልነበረም፤ የሙቀጫ ድምፅ የለም፣ ልጅ አያለቅስም፣ ድስት አይከደንም። ሁሉም ፈርቶ ገብቷል አልሁ። እንጨት ጨመርሁ። «ና ሱለይማን፣ ና እየው» እያልሁ፣ እስሩ እስኪያልቅ ጨመርሁ።

ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ከወንዙ በኩል አንድ ሰው በፍጥነት ሲራመድ ሰማሁ። ሱለይማን ነው ብዬ ብርድ ልብሱን አጥብቄ ያዝሁ። ኮቴው የእኔን መስኮት አልፎ ዐዋጢፍ በር ላይ ቆመ። ከዚያ አንድ ቀጭን ድምፅ፣ የናፈቀ ሰው ድምፅ፣ ስሟን ጠራ። ዐዋጢፍ ከውስጥ ጮኸች። «ሂድ! ሂድ! ሂድ!» በአማርኛ ነው የጮኸችው፤ ለምን በአማርኛ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከማንጎዎቹ ሥር የሰው ሩጫ መጣ። ጠብመንጃ ሲቀባበል፣ ሰው መሬት ላይ ሲወድቅ፣ ከዚያ የሱለይማን ድምፅ «በቃ፣ በቃ፣ እጁን» ሲል ሰማሁ። ነጠላዬን ባልታጠበው ገላዬ ላይ ጣል አድርጌ ወጣሁ። ሐመድን በሆዱ አስተኝተው በገዛ ሻሹ የፊጥኝ አስረውታል። ከስቷል፤ ጢሙ አድጓል። ዐዋጢፍ ሂባን በሁለት እጇ ወደ እሱ ዘርግታ ቆማለች። አንዱ ታጣቂ ፊቱን አዞረ፣ ሌላው ግን ገፋት። ሐመድ አንገቱን ከመሬት ቀና አድርጎ ልጁን አያት። አንድ ጊዜ። አንስተው ወሰዱት።

ሱለይማን ወደ ኋላ ቀረት ብሎ እኔን ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ፤ «የእኔ ነው ስትዪ እውነትሽን ኖሯል እንዴ» ብሎ ሄደ። ያኔ ነው ዓይኔን ያነሳሁት። ሰፈሩ በሙሉ ደጅ ቆሟል። በየደጃፉ ያለው ምድጃ በውሃ ርሷል፤ አመዱ ጭቃ ሆኗል። ቅጠል የሚያብላሉበት ማሰሮ እርጥብ አፈር ተለስኖበታል። የወደቀው ማንጎ ሁሉ ተለቅሞ ተቀብሯል። አንድም ቤት አያጨስም፣ ከአንዱ በቀር። ከእኔ መስኮት የሚወጣው ጭስ ዝቅ ብሎ፣ በነፋሱ ተይዞ፣ ቁልቁል ወደ ወንዙ ይሄድ ነበር። ኡመር መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር። ብኸይታ በምርኩዟ እየተደገፈች መጣችና ደጃፌ ላይ ቆመች፤ ወደ ውስጥ አየች፣ ጉድጓዱን አየች፣ ከዚያ ትከሻዬ ላይ አጎንብሳ አሸተተችኝ።

«ሐመድ ወንዙ ማዶ ነበር» አለችኝ፤ ቀስ ብላ፣ አማርኛውን እየፈለገች። «ሰው ላክንበት፣ መንገድ ላይ ታጣቂ መለሰው። ስለዚህ እሳት አጠፋን። ሰፈር ካልሸተተ ክፉ ነገር አለ፣ የሰፈር ልጅ ይህን ያውቃል፣ ይመለሳል። ሱለይማንም የሰፈር ልጅ ነው። ሽታው እንደጠፋ አወቀ፣ ሐመድ አይመጣም ብሎ ሊሄድ ተነሳ። ከዚያ ሸተተ፤ ታጣቂ ማንጎ ሥር አለ፣ ማን ወጥቶ ያጠፋል? ሐመድ ሰላም መሰለው፣ መጣ።» ምርኩዟን ወደ መስኮቴ ጠቆመች። «ቤት ለቤት ሄድኩ። አርባ ሦስት ቤት። ያንተ ቤት ብቻ አልመጣሁም። ሐበሻ ሴት ጠልሕ ያነዳል ብሎ ማን ያስባል?»

ስለ ሐመድ ብዬ ነው፣ ላድነው ብዬ ነው ልላት ነበር፤ ግን ወደ ዐዋጢፍ ዞርሁ። ሂባን ደረቷ ላይ አጣብቃ ከፊቴ ቆማለች። ትሰድበኛለች፣ ትመታኛለች ብዬ ጠበቅሁ። በሰደበችኝ ይሻል ነበር። «ቀን መጥተሽ ስትነግሪኝ አምኜሽ ነበር» አለችኝ። «እሳት እናጠፋለን ብዬ ልነግርሽ ነበር። ከዚያ ሄደሽ ትናገሪያለሽ ብዬ ፈራሁ።»

እውነቷን ነው፤ ጠዋት ተናግሬ የለ? ሕፃኗን ለብኸይታ አቀበለቻትና ከደጃፏ የተረፈውን አንድ ባልዲ ውሃ ይዛ፣ እኔን አልፋ ቤቴ ገባች፤ ጉድጓዱ ላይም ሁሉንም አፈሰሰችው።